ሁለት ቃል በአንድ ቪዲዮ፦ የዕጩዎችን እርስ በርሱ የሚጋጭ ንግግር እንዴት እንመዝን?

የአራት ኪሎ ነዋሪ፦

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣

በምርጫ ክልላችን ከሚወዳደሩት ዕጩዎች በአንዱ ንግግር ላይ የተሠራ አጭር ቪዲዮ ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ በሰፊው እየተዛመተ ነው። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በመጀመሪያው ክፍል ዕጩው መንገድ ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ ቆመው «የቀበሌ ቤት ነዋሪ ከኖረበት ቦታ አይነሣም» ሲሉ ይሰማሉ፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ወዲያው ምስሉ ይለወጥና እኚሁ ሰው በሌላ ልብስ፣ ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ በለበሱበት አዳራሽ ውስጥ «እነዚህ ቤቶች መፍረስ አለባቸው» ይላሉ። ከዚያ በቀይ ፊደል «የትኛውን እንመን?» የሚል ጽሑፍ ይወጣና ቪዲዮው ያበቃል።

የዕጩውንና የፓርቲውን ስም ያልጠቀስሁት፣ ውይይቱ በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን እንዲህ ያለውን ማስረጃ በምንመዝንበት መንገድ ላይ እንዲያተኩር ስለምፈልግ ነው። ጉዳዩ ግን ለሰፈራችን ቀላል አይደለም። ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ስንት ቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ እንደሄደ ሁላችንም በዓይናችን ያየነው ነው፤ የቀረነውም ስለ ቀበሌ ቤት የሚነገረውን እያንዳንዱን ቃል በጭንቀት እንከታተላለን።

ዕጩው በእርግጥ ለአንዱ ጉባኤ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ቃል ሰጥተው ከሆነ መራጩ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ሊያውቀው ይገባል። ንግግራቸው ተቆራርጦ ከሆነ ደግሞ እያታለለን ያለው ቪዲዮውን ያቀናበረው ወገን ነው። እስካሁን ለማንም አላስተላለፍሁትም፤ ችላ ልለውም አልቻልሁም። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርሰን እውነቱን ለማወቅ ምን ማድረግ ይገባናል? ደግሞስ አንድ ዕጩ ሐሳቡን መለወጡ በራሱ ጥፋት ነው ወይ?

የሜክሲኮ ነጋዴ፦

ወንድሜ፣ ጥንቃቄዎ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው ተናጋሪው እንጂ ሰሚው አይደለም። እስቲ በየእጁ ስልክ ያልነበረበትን ጊዜ ያስታውሱ። አንድ ተወዳዳሪ ጠዋት ነጋዴውን ሰብስቦ ግብር እንደሚቀንስ፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ሠራተኛውን ሰብስቦ ደመወዝ እንደሚጨምር ቃል ገብቶ ቢሄድ፣ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ «ገንዘቡ ከየት ሊመጣ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ነጋዴውም በሰማው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሠራተኛውም እንዲሁ። ዛሬ በየስብሰባው የሚቀርጽ ሰው አለ። ሁለቱን ጉባኤዎች ያገናኘልን ይኸው አጭር ቪዲዮ ነው።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብሎ የተረተ ሕዝብ ልጆች ነን። ድምፄን የሚፈልግ ሰው ትናንት የተናገረውን ዛሬ ሲያፈርስ ማየት መብቴ ነው። ሙሉውን ክርክር ተቀምጣችሁ ስሙ የምትሉን ወገኖችም አንድ ነገር ልብ በሉልን። እኔ ሱቄን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከፍቼ ከምሽቱ 2 ሰዓት የምዘጋ፣ ቤቴ ስገባም ልጆች የሚጠብቁኝ ሴት ነኝ። ለፖለቲካ የሚተርፈኝ ጊዜ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምቆምበት ነው። አጭር ቪዲዮ ባይኖር ኖሮ እኔን የመሰሉ ሰዎች ምንም ሳይሰሙ ነበር የመራጭነት ካርዳቸውን ይዘው የሚሰለፉት።

የምስል አቀናባሪ፦

ቪዲዮ ማቀናበር ሥራዬ ስለሆነ የተባለውን ቪዲዮ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ፍጥነቱንም ቀንሼ አየሁት። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ክፍል ዕጩው «የቀበሌ ቤት ነዋሪ» ካሉ በኋላ ምስሉ እርሳቸውን ትቶ ወደ ሕዝቡ ይዞራል። «ከኖረበት ቦታ አይነሣም» የሚለው የሚሰማው የሚያጨበጭበው ሕዝብ እየታየ ነው። ተመልካቹ ይህን እንደ ማሳመሪያ ይወስደዋል። በሙያው ያለን ሰዎች ግን ንግግር ስንቆርጥ የተናጋሪው አፍና ትከሻ ዘሎ እንዳይታይብን የምንሸፍነው በዚህ ዓይነት ምስል ነው። በዚያ ላይ እጆቹ ሲያጨበጭቡ እየታዩ የጭብጨባው ድምፅ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ምስሉና ድምፁ የአንድ ቅጽበት አይደሉም ማለት ነው።

ምስልን መሸፈን ይቻላል፤ ከጀርባ የሚሰማውን ድምፅ ግን መሸፈን አስቸጋሪ ነው። ድንኳኑ መንገድ ዳር ስለሆነ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት፣ ሜክሲኮ» እያለ ሲጠራ ይሰማል። ልክ «ነዋሪ» የሚለው ቃል እንዳበቃ የረዳቱ ጥሪ «ሳር» ላይ ይቀርና የመኪና ጡሩምባ ከመካከሉ ይጀምራል። በዚያ ቦታ ላይ የወጣ ንግግር አለ። ምን እንደተባለ ግን ከዚህ ቪዲዮ ማወቅ አይቻልም።

በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ከመካከል የተቆረጠ ነገር አላገኘሁም። ነገር ግን «አለባቸው» ሲሉ ድምፃቸው ገና ከፍ እንዳለ ነው፤ ንግግሩ እንደሚቀጥል ያስታውቃል፤ ቪዲዮው ግን እዚያው ላይ ይቆማል። ደግሞም መጀመሪያ ወደ ጎን ሰፍቶ የተቀረጸው ምስል ለስልክ እንዲመች ቆሞ እንዲታይ ሲደረግ ግራና ቀኙ ተቆርጧል፤ ብዙውን ጊዜ ቀኑንና ቦታውን የሚናገረው ባነር ያለው እዚያ ነው። ፋይሉ ውስጥ የተቀረጸበትን ቀን እናገኛለን ብላችሁም አትድከሙ፤ ቪዲዮ በቴሌግራም ሲላክ መጠኑ ስለሚቀነስ እንዲህ ያለው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ አይመጣም። የሚሻለው ጥርት ያለውን ቅጽበት በፎቶ መልክ ወስዶ በምስል መፈለጊያ መፈለግና ቀድሞ የተለጠፈውን፣ ረዘም ያለውን ቅጂ ማግኘት ነው።

ጡረተኛ መምህር፦

ከአራት ኪሎው ወንድማችን ጥያቄዎች ለእኔ የከበደኝ ሁለተኛው ነው፤ ሐሳብን መለወጥ ጥፋት ነው ወይ የሚለው።

በ1997ቱ ምርጫ ፓርቲዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ሲከራከሩ ያዳመጠ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ የከተማችን ሻይ ቤት ሁሉ የተሰማው እስኪያልቅ ጸጥ ይል ነበር። ሚያዝያ 29 ቀን አንዱ ወገን፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ሌላው መስቀል አደባባይን ሞልቶት ሲውል፣ የተባለው ሁሉ የቀረው በሰሚው ጆሮና በጣቢያው ማኅደር ውስጥ ነው። ዩቲዩብ ላይ የመጀመሪያው ቪዲዮ የተጫነው ከእነዚያ ሰልፎች ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በሚያዝያ ወር መሆኑን ሳስብ ይደንቀኛል። ከዚያ ወዲህ የሰው ንግግር ከራሱ ከተናጋሪው የበለጠ ዕድሜ አገኘ።

የዚህን ለውጥ ጉልበት ቀድመው ያዩት አሜሪካኖች ስለሆኑ ከእነርሱ ታሪክ ጥቂት ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2008 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሴናተር ጆን ማኬይን በ2000 ጄሪ ፋልዌል የተባሉትን ሰባኪ ከአለመቻቻል ወኪሎች አንዱ አድርገው ነቅፈው ነበር፤ በ2006 ግን ፋልዌል በመሠረቱት ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ ተገኝተው ንግግር አደረጉ። በ2001 እና በ2003 ሴኔት ውስጥ ድምፃቸውን የነፈጉትን የፕሬዚዳንት ቡሽን የግብር ቅነሳ፣ ሲወዳደሩ ቋሚ ይሁን አሉ። የቀድሞውንና የኋላውን ንግግራቸውን ጎን ለጎን ያስቀመጡ ቪዲዮዎች በዚያ ዘመቻ ወቅት በብዙ ሕዝብ ታዩ። ተቀናቃኛቸው ባራክ ኦባማም ከዚህ አላመለጡም። ዘመቻቸውን መንግሥት በሚሰጠው ገንዘብ ለማካሄድ ፈቃደኛ መሆናቸውን ቀደም ብለው ገልጸው ሳለ፣ በሰኔ 2008 ያንን ገንዘብ እንደማይወስዱ አስታወቁ። ልዩነቱ፣ ለውጡን ያበሰሩት ራሳቸው ለደጋፊዎቻቸው በላኩት ቪዲዮ ምክንያታቸውን ዘርዝረው መሆኑ ነው። ምክንያቱ ያሳምናል አያሳምንም ሌላ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን መራጩ የሚመዝነው ነገር በእጁ ገባለት።

ሚት ሮምኒ ደግሞ አሉ። በ1994 ለሴኔት ሲወዳደሩ የፅንስ ማቋረጥ መብትን እንደሚደግፉ በቴሌቪዥን ክርክር ላይ የተናገሩት በጥር 2007 ዩቲዩብ ላይ ተለጠፈባቸው፤ በዚያን ጊዜ ተቃራኒውን አቋም ይዘው ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደሩ ተነሥተው ነበር። እርሳቸው ግን ያንን ቃል አልካዱም፤ አቋማቸው እንደተለወጠ በግልጽ ተናገሩ። አሥራ ሦስት ዓመት ለአንድ ሰው ሐሳብ ረጅም ጊዜ ነው። በሰኞና በረቡዕ መካከል የተለወጠ ሐሳብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንዲያ ያለው ለውጥ የሚመጣው ከሰሚው መለወጥ ነው።

ለሜክሲኮዋ እኅቴም የሚደግፋት ታሪክ አለ። እኚሁ ሮምኒ በግንቦት 2012 ፍሎሪዳ ውስጥ ለገንዘብ ለጋሾች ብቻ በተዘጋጀ ዝግ ግብዣ ላይ፣ ከአሜሪካ ሕዝብ 47 ከመቶው በመንግሥት ላይ ጥገኛ እንደሆነና እርሳቸውንም እንደማይመርጥ የተናገሩትን በመስተንግዶው ላይ የነበረ ሠራተኛ በስውር ቀረጸው። መስከረም ላይ ይፋ ሲሆን የአገሩ መነጋገሪያ ሆነ። ያወጣው መጽሔት ቁራጩን ብቻ ለጥፎ ዝም አላለም፤ በማግስቱ የንግግሩን ረጅም ቅጂ ለሕዝብ አቀረበ። እኔ የማከብረው ይህንን ሁለተኛውን እርምጃ ነው።

የምስል አቀናባሪው ካሳዩን ጋር የሚሄደው የጆን ኬሪ ነው። ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ሴናተር ኬሪ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ጦርነት ስለተጠየቀው 87 ቢሊዮን ዶላር ሲናገሩ፣ ከመቃወማቸው በፊት ድጋፍ ሰጥተው እንደነበር ገለጹ። ተቀናቃኞቻቸው ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ወስደው ሰውየው የሚዋልል ነው የሚል ማስታወቂያ ሠሩባት። ነገሩ ሲመረመር ኬሪ የደገፉት ወጪው የባለጸጎችን የግብር ቅነሳ በመቀነስ ይሸፈን የሚለውን ሐሳብ ነበር፤ እርሱ ሲወድቅ የመጨረሻውን ረቂቅ ተቃወሙ። አንድ ሰው የገንዘቡን ምንጭ አይቶ ድምፁን ቢለውጥ ወላዋይ አያሰኘውም። ያን ማስታወቂያ ያየ መራጭ ግን ይህን ሁሉ የማወቅ ዕድል አልነበረውም።

የሕግ ባለሙያ፦

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ሕጉ ምን እንደሚል በአጭሩ ላስታውስ።

በመጀመሪያ፣ የዕጩን ሁለት ንግግር ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት በራሱ ወንጀል አይደለም። ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተጠበቀ ነው፤ ተወዳዳሪን መተቸትም የምርጫ ዋና ሥራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው ፍሬ ነገሩ ሐሰት የሆነ፣ አሰራጪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ሊያውቅ ሲገባው ያሰራጨው፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ ንግግር ነው። ተቆርጦ ትርጉሙ የተዛባ ቪዲዮ ሁሉ ይህን መስፈርት አያሟላም፤ ሊያሟላ የሚችልም አለ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተፈጸመ እንደሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይደርሳል። ስለዚህ ብዙ ተከታይ ያላችሁ ወገኖች «እኔ ያስተላለፍሁት እንጂ የሠራሁት አይደለም» የሚለው መልስ ብቻውን እንደማያድናችሁ እወቁ።

ሁለተኛው ነገር ለዚህ ውይይት ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ይኸው አንቀጽ አባሉ የመራጩን አመኔታ ባጣ ጊዜ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድም ይናገራል። አንድ ተመራጭ ኅሊናው አስገድዶት አቋሙን ቢለውጥ ሕጉ ይፈቅድለታል። አመኔታ ማጣቱን ለማሳየት ግን መራጩ ምን ቃል ተገብቶለት እንደነበር ማስረዳት አለበት፤ ይህም የሚሆነው ንግግሩ ቀንና ቦታው ታውቆ፣ ሳይቆረጥ ተቀምጦ ሲገኝ ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ መራጭ፦

እኔ ዘንድሮ 18 ዓመት የሞላኝ ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ምርጫ ነው። ታላላቆቼ የምትሉትን በጥሞና እየተከታተልሁ ነው። አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። አሁን ሰው ያልተናገረውን በራሱ ድምፅ የሚያናግር ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ። የምስል አቀናባሪው እንዳደረጉት የታክሲ ረዳት ጥሪ አዳምጠን የምንለየው የተቆረጠውን ነው፤ ከመነሻው የተፈበረከውን በምን እንለየዋለን? በክፍላችን ልጆች መካከል የሚዞረው አብዛኛው ነገር ምስል የሌለው ድምፅ ብቻ ነው።

የምስል አቀናባሪ፦

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ድምፅ ብቻ ሲሆን ከሁሉም ይከብዳል፤ የአፍ እንቅስቃሴ የለም፣ ቦታ አይታይም፣ ጥራቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ጉድለቱም አብሮ ይደበቃል። ስሎቫኪያ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2023 ምርጫ ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የአንድ ትልቅ ፓርቲ መሪ ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋር ምርጫ ስለ ማጭበርበር ሲነጋገሩ የሚያሰማ ድምፅ ተሰራጨ። ሁለቱም ወዲያው ሐሰት እንደሆነ ተናገሩ፤ ባለሙያዎችም ተፈብርኮ የተሠራ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች አገኙበት። ነገር ግን በአገሪቱ ሕግ መሠረት ከምርጫው በፊት ያሉት 48 ሰዓታት የዝምታ ጊዜ ስለነበሩ ማስተባበያው እንደ ሐሰቱ ሊዳረስ አልቻለም።

ከዚህ የሚከተለው ለእኛም ይሠራል። በአገራችን የምረጡኝ ቅስቀሳ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን 4 ቀን ቀደም ብሎ ይቆምና የጥሞና ጊዜ ይሆናል። በእነዚያ ቀናት ስለ አንድ ዕጩ አዲስና አስደንጋጭ ነገር ቢደርስህ፣ ዕጩው በአደባባይ መልስ ለመስጠት እንደማይመቻቸው አስበህ ከሌላው ጊዜ ይልቅ አጥብቀህ መርምረው። ቀላል የሚባሉ ማታለያዎችንም አትናቅ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ ሰክረው የሚናገሩ ያስመሰለው ቪዲዮ የተሠራው በዋናነት ፍጥነቱን በመቀነስ ነበር። ይህን ማንኛውም ስልክ ይሠራዋል።

በቅስቀሳ የሠራሁ፦

በ2013ቱ ምርጫ በአንድ ዕጩ የቅስቀሳ ቡድን ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። ከውስጥ ያየሁትን ብጨምር ይጠቅም ይሆናል።

አንድ ዕጩ በአንድ ቀን በብዙ ቦታ ይናገራል። የተጻፈ ንግግር የሚያነቡት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት እንደ ሰሚው ሁኔታ ያሳጥራሉ፣ ያስረዝማሉ። ሲደክማቸው የሚያስቀድሙት ሕዝቡ የሚያጨበጭብለትን ሐረግ ነው፤ «ይህ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው» የሚለው ቀስ በቀስ ከንግግሩ ይወጣል። ጠዋት ከነቅድመ ሁኔታው የተነገረው ቃል ማታ ላይ እርቃኑን ይቀራል። ይህን ከውሸት ጋር እኩል ማየት ከባድ ይሆንብኛል፤ መዘዙ ግን ለመራጩ ያው ነው። እኛ በቡድኑ ውስጥ የነበርን ወጣቶች ይህን ለዕጩው ለመናገር አልደፈርንም፤ ጭብጨባው ሁላችንንም ያስደስተን ነበር።

ሁለተኛው፣ የዕጩው ቃልና የፓርቲው ማኒፌስቶ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በሥርዓታችን የምትመርጡት ግለሰቡን ቢሆንም ምክር ቤት ሲገባ የሚሠራው በአብዛኛው ከፓርቲው ጋር ነው። አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካሉት 547 መቀመጫዎች ያሏት 23 ብቻ ናቸው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቃሉን ሊፈጽም አይችልም። ስለዚህ ሁለቱን ንግግሮች እርስ በርስ ከማጋጨታችሁ በፊት እያንዳንዳቸውን ከታተመው ማኒፌስቶ ጋር አስተያዩ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚያ ነው፤ ቪዲዮ የሚሠራበት ሰው ግን የለም፣ ማኒፌስቶ አንብቦ የሚቆርጥ ስለሌለ።

የሜክሲኮ ነጋዴ፦

መምህራችን ሆይ፣ ሐሳብ መለወጥ ሁሉ ጥፋት አይደለም ያሉትን እቀበላለሁ። እኔም ብሆን ጥሩ ምክንያት ያለውን ሰው እሰማለሁ። ነገር ግን «ሐሳቤን ለወጥሁ» የሚለው ቃል የሚመጣው መቼ ነው? ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ከሆነ እኔ ያንን ለውጥ አልለውም። ቀድሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ያኔ ይህን ብዬ ነበር፤ አሁን ይህን ስላየሁ ይህን እላለሁ» ብሎ በፊታችን ለቆመ ዕጩ ግን ክብር አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት ነገር ከሚደጋግመውም ይበልጥብኛል።

በቅስቀሳ የሠሩት ወንድሜ የነገሩን ደግሞ አሳዝኖኛል። ጭብጨባው ያስደስተን ነበር ያሉት፣ ያጨበጨብነው እኛ ነን። ቤቷ ይፈርሳል አይፈርስም እያለች ሌሊት እንቅልፍ የምታጣ ሴት «አይነሣም» የሚለውን ስትሰማ ታጨበጭባለች። ቅድመ ሁኔታው የወጣበት ቃል የጎዳው እርሷን ነው።

የአራት ኪሎ ነዋሪ፦

የምስል አቀናባሪው በነገሩን መንገድ ፈልገን ሁለቱንም ሙሉ ቅጂዎች አግኝተናል። የድንኳኑ ንግግር ፓርቲው ራሱ በፌስቡክ ገጹ በቀጥታ ያስተላለፈው ሆኖ ተገኘ፤ እስካሁንም እዚያው አለ። የአዳራሹን ደግሞ በስብሰባው ላይ የነበሩ አንድ ጎረቤታችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርጸውት ነበር። ሁለቱን ከጎረቤቶቼ ጋር ተቀምጠን ሰማናቸው።

በድንኳኑ የተባለው ሙሉ ቃል ይህ ነው፦ «የቀበሌ ቤት ነዋሪ በዚሁ አካባቢ ምትክ ቤት ተሠርቶ ሳይሰጠው ከኖረበት ቦታ አይነሣም።» ከመካከሉ የወጣው ምትክ ቤት የሚለው ነው። በአዳራሹ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እነዚህ ቤቶች መፍረስ አለባቸው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያቸው በሰው ላይ ሊወድቅ የደረሰ ነው። ነዋሪው የኪራይ ገንዘብ ይሰጠውና በመረጠው ቦታ ይከራያል።»

እንግዲህ ቪዲዮው የነገረን ግጭት የለም። ዕጩው ቤቶቹ አይፈርሱም አላሉም፤ በሁለቱም ቦታ እንደሚፈርሱ ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ቪዲዮው ያላሳየን ሌላ ግጭት አለ፤ ለእኛም ከፊተኛው የከፋ ነው። በድንኳኑ ውስጥ ለቀበሌ ቤት ነዋሪዎች የተገባው ቃል በአካባቢው ምትክ ቤት ነው። በአዳራሹ ውስጥ፣ የተጋበዙት በአብዛኛው የሕንፃ ባለቤቶችና ባለሀብቶች በነበሩበት፣ ነገሩ የኪራይ ገንዘብ ሆነ። በሁለቱ ንግግሮች መካከል ያለው ጊዜ ስድስት ቀን ነው። ምትክ ቤትና የኪራይ ገንዘብ ለአንድ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚለያዩ በአራት ኪሎ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ገንዘቡ ያልቃል፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤታቸው ይርቃሉ።

የቆረጠው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ጥፋቱ ግን ሁለት ነው፤ ዕጩውን ባላሉት ነገር ከሰሳቸው፤ ያሉትን ደግሞ ሰወረላቸው። ዕጩው ነገ ተነሥተው «ቪዲዮው ሐሰት ነው» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ሳይመልሱ እንዲያልፉ በር የከፈተላቸውም እርሱ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦

ልጄ፣ ደግ አድርጋችኋል። እንግዲህ የቀረው መጠየቅ ነው። በቅሬታ መልክ አታቅርቡት፤ ስለ ቪዲዮውም አታንሡ፤ ካነሣችሁት መልሱ ስለ ቪዲዮው ይሆናል።

የሕግ ባለሙያ፦

በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለዕጩው የቅስቀሳ ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ ቅጂውንም አስቀሩ። ሁለቱን ንግግሮች ከነቀናቸውና ከነቦታቸው፣ ቃል በቃል፣ ሳታሳጥሩ ጻፉ። መልስ ቢሰጥም ባይሰጥም ያው ጥያቄ በሚቀጥለው የመራጮች ስብሰባ ላይ በቃል ይቅረብ። ማኒፌስቶው ላይ ስለ ቀበሌ ቤት የተጻፈ ካለ ገጹን ጥቀሱ።

በቅስቀሳ የሠራሁ፦

ማኒፌስቶውን አየሁት። «ነዋሪውን ባማከለ መልኩ መልሶ ማልማት» ይላል እንጂ ምትክ ቤትም የኪራይ ገንዘብም አይልም። ይህንንም ጨምሩበት።

የምስል አቀናባሪ፦

ሁለቱን ሙሉ ቅጂዎች ላኩልኝ። ለሜክሲኮዋ እኅታችን በታክሲ ሰልፍ ላይ የሚታይ አንድ ደቂቃ ያህል ቪዲዮ እሠራለሁ፤ እያንዳንዱ ንግግር ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ይሰማል፣ ቀኑና ቦታው በጽሑፍ ይታያል፣ የሙሉው ቅጂ መገኛም ከሥሩ ይቀመጣል። ሙዚቃ አልጨምርበትም፤ ቀይ ፊደልም እንዲሁ።

የአራት ኪሎ ነዋሪ፦

ጥያቄውን እንዲህ ጽፈነዋል፤ የምታርሙት ካለ እስከ ነገ ማታ ንገሩን። «የተከበሩ ዕጩ፣ በድንኳኑ ስብሰባ ላይ የቀበሌ ቤት ነዋሪ በዚሁ አካባቢ ምትክ ቤት ተሠርቶ ሳይሰጠው እንደማይነሣ ተናግረዋል። ከስድስት ቀን በኋላ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ነዋሪው የኪራይ ገንዘብ ተሰጥቶት በመረጠው ቦታ እንደሚከራይ ተናግረዋል። የፓርቲዎ ማኒፌስቶ ሁለቱንም አይጠቅስም። ቢመረጡ የሚሟገቱት ለየትኛው ነው? ሐሳብዎ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ተለውጦ ከሆነስ ምክንያቱ ምንድን ነው?»

የሜክሲኮ ነጋዴ፦

«መቼ» የሚለውን ጨምሩበት። ምትክ ቤቱ የሚሠራው ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የስብሰባውን ቀን ስታውቁ እዚሁ ጻፉልን፤ ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ።